ሞጣን ያተረፈው ሰው

ዓለምን ሲያድን ከሚውል ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚኒባስ ስሄድ ገጥሞኛል፤ ወገቤን እስካሁን ያመኛል። ሰውዬው ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነው። መስታወቱ በተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ፣ ካባ ለብሶ በሰማይ የሚበር ጀግና ያለበት ጌም ይጫወታል። ስልኩ ሲግል እፍ ይልበታል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም በጥፊ ያነቃዋል።

መንገድ ላይ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሁላችንም ወረድን፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ውረድና ግፋ እንጂ ልጄ!» አሉት አንዲት እናት።

«ትንሽ ይታገሡኝ እናቴ፤ አሁን ከተውኩት ከተማው ይወድማል!»

«የቱ ከተማ? ሞጣ?» ደረታቸውን ያዙ። «ልጄ እኮ ሞጣ ናት! በል እንዳትወርድ!» ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተስ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ግፉ እንጂ!»

እንዲህ ለተጨነቀ ሰው ጌም ምን እንደሆነ ማን ያስረዳል? እሱን እንደጫንን ገፋን።

ሞጣ ስንደርስ ከተማዋ ደህና ናት። እናትየዋ ልጃቸውን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ የሰውዬውን ግንባር ስመው መረቁት። እኛ ጭቃችንን እንጠርጋለን።

እሱም ስልኩን ኪሱ እየከተተ «ኧረ ምን አደረግሁ እናቴ፣» አላቸው፤ «የሁላችንም ከተማ አይደለችም?»