ስድስተኛው ወርዋሪ

ቤቱ ጨው ጠፍቶ ሳለ በርበሬ ገዝቶ የሚመለስ ሰው አታውቁም? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ የፋብሪካችንን የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚመሩት ጋሼ ተገኘ ናቸው። ቡድናችን ከሩቅ ቅርጫት ውስጥ የሚያስገቡ አምስት ጎበዝ ወርዋሪዎች ነበሩት። ያጣነው ከቅርጫቱ ሥር ኳስ የሚሻማ ረጅም ሰው ነው። ዘንድሮ ቡድናቸውን የለቀቁ ሁለት ተጫዋቾች መጡልን፤ አንዱ በር ላይ ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ሌላው አጭር ወርዋሪ። ጋሼ አጭሩን አስፈረሙ።

«ጋሼ፣ ወርዋሪማ ሞልቶናል እኮ!» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጥሩ ነገር በዛ ይባላል?»

ማን ይከራከራቸዋል? ረጅሙ የጎረቤታችን የካርሜ ጋት ሰፈር ልጆች ቡድን ገባና ሐሙስ ገጠመን። የሳትነውን ኳስ ሁሉ ከራሳችን በላይ እየለቀመ ከውድድሩ አስወጣን። አንገቴን ደፍቼ ስወጣ ጋሼ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አየኸው ያንን ረጅም? እኛ ባንስት ኖሮ እኮ ሥራ ፈት ነበር!»