ለታይ እንዳይከፋት የጠጣነው ስዋ

በዚህ ዓለም ላይ ከባዱ ሥራ ምን ይመስላችኋል? እንጨት ፈለጣ እንዳትሉኝ። ድንጋይ ጠረባም አይደለም፤ ጠራቢው ሲደክመው አረፍ ብሎ ያወራል። ከባዱ ሥራ ሰው የለፋበትን ነገር ቀምሶ፣ ባለቤቲቱ ፊት ለፊት ቆማ ዐይን ዐይንሽን እያየች «እንዴት ነው?» ስትል መልስ መስጠት ነው። እኔ ይህን ሥራ ማንም ሳይሾመኝ ስንት ዘመን ሠርቻለሁ። ደሞዝ የለው፣ ማዕረግ የለው! ጻፊ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቅሻል?

ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ባለቤቴ መቀሌ ጸሐፊ ሆኖ ተመደበና ከሸዋ ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን። እኔ ጠላ አዋቂ ነኝ ብዬ አፍንጫዬን ነፍቼ ነው የገባሁት። እዚህ ደግሞ ስዋ አለ። ስዋ ማለት የጠላ እኅት ናት፤ እሷ ወፈር፣ ደልደል ያለችው። ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ሐዳስ ናት፤ ጥጥ ፈታይ፣ የመቀሌ ተወላጅ። ዐይኗን ጨፍና አንዴ ጎንጨት ካለች የማን ጋን እንደሆነ ትነግርሻለች። ሦስተኛችን ዘይነባ ናት፣ ከወሎ መጥታ ገበያ በርበሬ የምትነግድ። እሷ ሃይማኖቷ ስለማይፈቅድ ስዋ በአፏ አይዞርም። ታዲያ ምን ትሠራለች? የቀረውን ሁሉ ትፈርዳለች። ዋንጫው ታጥቧል ወይ፣ መደቡ ተለቅልቋል ወይ፣ ባለቤቲቱ ሰው ታከብራለች ወይ። እውነቱን ለመናገር ጭንቅላቷ እስከ መጨረሻው በቦታው የሚቆይላት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ዋና ዳኛ መሆን የሚገባት እሷ ነበረች።

አዲስ ስዋ ቤት ሲከፈት የሰፈሩ ሰው እኛን ይጠብቃል። እኛ ሳንቀምስ ማን ይገባል? ማታውኑ ውሃ ስንቀዳ ሴቶቹ ከበው ይጠይቁናል፣ በነጋታው ባሎቻቸው ይሰማሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። አንዴ ስለ አንዲት ጠማቂ ስዋ «እግር ለመታጠብ ጥሩ ነው» ብዬ በቀልድ ተናገርኩ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ አልጠመቀችም። ሰላምታዬንም እስከ ዛሬ አትመልስም። አያችሁ፣ ምላስ ሥልጣን ሲይዝ እንዲህ ነው።

ታዲያ አንድ ሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ካለች ደሳሳ ቤት በር ላይ ጣሳ ተሰቀለ። በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍተሽ ካቆምሽ «ስዋ ደርሷል፣ ግቡ» ማለት ነው፤ ሲያልቅ ታወርጂዋለሽ። ይቺ ጣሳ የጣልያን የቲማቲም ጣሳ ናት። አየሽ፣ ከእነሱ የተረፈን እሷ ናት! ባለቤቲቱ ለታይ ትባላለች፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከተምቤን የመጣች። ሐዳስ መንገድ ላይ ወሬውን ሁሉ ነግራናለች፦ ሴትዮዋ የነበራትን ገብስ እስከ መጨረሻዋ እፍኝ እዚያ ጋን ውስጥ ጨምራዋለች። ዛሬ ካልቀናት ልጆቿን ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት መመለሷ ነው፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ባልነግራችሁ ይሻላል።

ገባን። ቤቱ ፏ ብሏል። ዘይነባ ዋንጫውን ወደ ብርሃን አነሣች፣ በጣቷ አሸችው፣ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ለታይ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ መጣችና እንደ አገሩ ደንብ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። «እኔ ጠጥቼዋለሁ፣ እናንተም አትፍሩ» ማለቷ ነው። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አልተነበበም። ከዚያ ሞልታ ሰጠችን።

አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ። ምን ልበላችሁ፣ ጌሾ ብቻ! ምላሴ ተጠቀለለ፣ ጆሮዬ ድረስ መረረኝ። ሐዳስን አየኋት፤ ሐዳስ ጣሪያ ታያለች። ሐዳስ ጣሪያ ካየች ነገር አለ። ለታይ ግን ማንቆርቆሪያዋን እንዳቀፈች ከፊታችን አልተነሣችም፣ ሁለቱ ልጆቿም ከኋላዋ ቀሚሷን ይዘው ቆመዋል። እና «እንዴት ነው?» አለች።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ያቺ ምላሴ፣ ስንቱን ቤት ያስዘጋች፣ ያን ቀን አፌ ውስጥ ተኛች። «ኃይለኛ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሐዳስም ቀበል አድርጋ «የተምቤን እጅ ነው» አለች፤ ይሄም ውሸት አይደለም። ባዶ ያልሆነ ዋንጫ ትቶ መውጣት ደግሞ ስድብ ነው፤ ስለዚህ ትንፋሻችንን ይዘን ጨለጥነው። ስንጨልጠው «ወይ መውደዳቸው!» ብላ ደግማ ሞላችው።

ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አስካለ፣ ስዋ ነው የምትጠጡት ወይስ ኮሶ?» አለችኝ።

እኔም ዝም በይና ዋንጫሽን መርምሪ አልኳት።

ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ጨው ያራገፉ ነጋዴዎች በበሩ አለፉ። እኛን አዩ። ሐዳስና አስካለ ሦስተኛ ዋንጫ ይዘዋል! ለመቀሌ ጠጪ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይምጣ? ተግተልትለው ገቡ። ሽማግሌው መጀመሪያ ተጎነጨ። ዐይኑ ጠበበ፣ ጢሙ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ምን ላድርግ? ዋንጫዬን ከፍ አደረግሁለት። ሰውየው የገዛ ምላሱን ተጠራጠረ መሰለኝ፣ ዝም ብሎ ጨረሰው። ጎረምሶቹ ሽማግሌውን አይተው ጠጡ። ከኋላቸው የመጡት ጎረምሶቹን አይተው ጠጡ። ቀትር ሳይሆን ጋኑ ተገለበጠ፣ ጣሳዋ ወረደች። በገበያ ቀን ቀትር ሳይሆን ጣሳ ሲወርድ አገሩ አይቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ምን ልንገራችሁ? ከቁሓ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ጠጪ ተገኘ። ወንዶቹ ሦስት ዋንጫ ፊቱን ሳያጨማድድ የጠጣውን ማድነቅ ጀመሩ። ሌሎቹ ጠማቂዎች ገበያ እንዳይሸሻቸው ጌሾ ጨመሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ መረረ። ባለቤቴ ሳይቀር እኔ የጠመቅሁትን ቀምሶ፣ የአንቺማ ውሃ ውሃ ይላል፣ ለታይን ለምን አትጠይቂያትም አለኝ። ይህን ለእኔ!

እንዲህ እያልን ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ለታይ ሰው በሌለበት ሰዓት እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ልጆቿ ወፍረዋል፣ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ጥግ ላይ ካለች ትንሽ እንስራ ቀድታ በመዳፏ ቀመሰችና ሰጠችኝ።

«ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ይሄ የአገሬ ነው» አለችኝ፤ «ለልጆቼ ነው የምጠምቀው። ያ የመጀመሪያው እኮ ቤት ፍለጋ ስዞር ጌሾው ውስጡ ከቀኑ በላይ ቆይቶ ተበላሽቶብኝ ነበር። ጣሳዋን ከሰቀልኩ በኋላ ቀምሼው፣ አውርጃት ስዋውን ልደፋ ስነሣ እናንተ ገባችሁ። እንደዚያ ስትወዱት ሳይ፣ ለካ የመቀሌ ሰው መራራ ነው የሚወደው ብዬ፣ ከዚያ ወዲህ ሳልወድ በግዴ ጌሾ እጨምራለሁ። ይሄን አትወዱትም ብዬ ለሰው አላወጣውም።»

ቀመስኩት። ልጄ፣ እንዴት አድርጌ ላስጽፍሽ? ወፈር ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ገብሱ የሚናገር፣ ወርዶ ደረት ላይ ሞቅ የሚል። ዐይኔ እንባ አቀረረ። ዓመት ሙሉ ይሄ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ውጪ ያንን እጠጣለሁ! በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፦ «ለታይ፣ ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ስዋ ጠጥቼ አላውቅም።»

ለታይ ፊቴን አየች፣ እንባዬን አየች፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ።

«ሓፍተይ፣ አንቺ መቼም ሰው ማስከፋት አይሆንልሽም» አለች። ዋንጫዋን ከእጄ ተቀብላ ለትንሿ ልጇ ሰጠችና፣ ከትልቁ ጋን ሌላ እስከ አፉ ሞልታ አመጣችልኝ።

ጨለጥኩት። ደግማ ሞላችልኝ።