የብረት ልብስ የለበሰው ሰውዬ የማን ልጅ ነው?

«የማን ልጅ ነው?» አልኩ።

በልቤ ያልኩት መስሎኝ ነበር። ለካ አዳራሹ ሙሉ ሰምቶኛል። ሸራው ላይ የብረት ልብስ የለበሰው ሰውዬ ከአንዱ ሕንፃ ጣሪያ ወደ ሌላው እየዘለለ ከእጁ እሳት ይተፋል፤ ፊት የተቀመጡት ወጣቶች ግን እሱን ትተው ዞረው እኔን ያዩ ጀመር። «አባባ፣ ይተኩስ እንጂ የማንም ልጅ ይሁን!» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ በማይክራፎን ሲተረጉም የነበረው ድምፅ ግን ዝም አለ። ደሜን ያቀዘቀዘው ይኸኛው ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ማይክራፎኑን የያዘው አቶ ደምሴ ነው። አቶ ደምሴ ማለት የአዳራሹ ፊልም አጫዋች፣ ይህንን ፊልም ራሱ አዲስ አበባ ሄዶ መርጦ፣ በአውቶቡስ ጭኖ አዋሳ ያመጣ፣ የፈረንጁን ቋንቋ ለእኛ የሚተረጉም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትዕግስት የምትባል ልጅ አባት ነው። እኔ ደግሞ የዚያን እሁድ ሐይቅ ዳር መረብ መጠገኔን ትቼ፣ ጋቢ ለብሼ የወጣሁት ትዕግስትን ለእህቴ ልጅ ለሳሙኤል ለመጠየቅ ነበር። ሽማግሌ ተብዬ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ሌላ ሰው የለውም። ትዕግስትን ካላገኘ ደግሞ ምን እንደሚሆን እንጃ፤ ምግብ ከተወ ሰንብቷል።

አቶ ደምሴ ቤት ስንሄድ «መጀመሪያ ፊልሜን እዩልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብሎ ላከብን። የልጅቷ አባት ያለው ይሆናል። ተናጋሪያችን አቶ በቀለ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ፣ አፈ ጮሌ። እኔ የተመረጥኩት ለዝምታዬ ነው። «አንተ ብቻ ተቀመጥ፤ ሽበትህ ይበቃል» ብለውኛል። ተቀመጥኩ። ሽበቴም አብሮኝ ተቀመጠ።

ግን እንዴት ይቻላል? እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰዎች ጨረቃ ላይ ከተማ ሠርተው ይኖራሉ ብትሉኝ፣ ይሁን፣ እቀበላለሁ። ሰው የሚመስል ብረት አፉን ከፍቶ ይናገራል ብትሉኝም፣ የቀበሌ ስብሰባ ስንት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ አይገርመኝም። ያቃተኝ ሌላው ነው። ሰውዬው ከየት እንደመጣ አይነገር። እናት የለው፣ ጎረቤት የለው። አንድ ቀን እንኳ ራበኝ አይል። ጓደኛው ዓይኑ ሥር ሞተ፤ አልቀበረውም! ዘሎት ሄደ። አንዲት ቆንጆ አለች፣ ሥራዋ መጮህ ነው። ጮኸች፣ አዳናት፣ አቀፈችው። ስሙን ጠይቃዋለች? የለም። ክፉው ሰውዬ ዓለምን ሊያጠፋ ነው ተባለ። ዓለም ምን አድርጋው? ለአቶ ደምሴም የነገረው የለም መሰለኝ፣ «አሁን ተናደደ… አሁን ይተኩሳል…» ይላል በማይክራፎን። እሱንማ እኛም እያየን ነው! ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ በጠርብ ወንበር። ሰው ሲሞት እንዳዝን መጀመሪያ ማን እንደሆነ ሊነገረኝ አይገባም? ያ ጥያቄ ከአፌ ያመለጠው እንግዲህ እንዲህ ስቃጠል ነው።

መብራት በራ። አቶ ደምሴ ማሽኑ ያለበት ጠባብ ክፍል አስገባን። ፊልሙን መልሶ እየጠቀለለ፣ ፊቱን ሳያዞር «እንዴት ነበር?» አለ።

«ድንቅ! ግሩም! እንዲህ ያለ በአዋሳ ታይቶ አይታወቅም!» አሉ አቶ በቀለ። በዚያው ወደ ጉዳያችን ገቡ። «የእኛም ልጅ ጨዋ ነው። ሠራተኛ ነው፣ ብስክሌት ይጠግናል። አይጠጣም። አያጨስም። ጀግና ነው።»

አቶ ደምሴ መጠቅለሉን አቆመ። «ጋሽ በቀለ» አለ፣ ጥቅሉን በእጁ መታ መታ እያደረገ፣ «ይኸም አይጠጣም። ይኸም አያጨስም። ጀግናም ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አዳራሽ ውስጥ የማን ልጅ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት?»

አቶ በቀለ ጎኔን በክርናቸው ወጉኝ።

«ነኝ።»

«እኔም ሦስት ቀን ደጋግሜ አይቼው የማን ልጅ እንደሆነ አላገኘሁትም» አለ። ተናዷል፤ በእኔ ይሁን በፊልሙ አልገባኝም። «የእርስዎስ ልጅ ማነው? ልጄን ለማን ነው የምሰጠው?»

ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ስለ ሳሙኤል ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ደግ ደጉ ሁሉ በአቶ በቀለ አልቋል፤ ለእኔ የቀረኝ ትርፍራፊው ነው።

«ሐይቅ ዳር አድጎ ዋና አያውቅም» አልኩ። «እናቱ የሞተች ቀን አላለቀሰም፤ በወሩ ዶሯችን ስትሞት ሦስት ቀን አለቀሰ። የሰው ብስክሌት ጠግኖ ሲጨርስ ልሞክረው ብሎ ታቦር ተራራ ሥር ድረስ ነድቶ ይጠፋል፤ ባለቤቱ ቆሞ ይጠብቃል። ሲዋሽ ደግሞ ግራ ጆሮው ይንቀሳቀሳል።»

አቶ በቀለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዕድሜዬ ባንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም፤ የተናገርኩት ደግሞ ልጅቷን የሚያስከለክለንን ብቻ! ለሳሙኤል ምን ብዬ እነግረዋለሁ እያልኩ ጋቢዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ አቶ ደምሴ ከኋላዬ ጠራኝ።

«አባቴ፣ የፊታችን እሁድ ይዘውት ይምጡ። ጆሮውን የሚሸፍን ኮፍያ ግን እንዳያደርግ።»