ሸምሱ ከሄደ በኋላ የሮጥኩት ሩጫ

እግርም ሰው ይናፍቃል ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ? ሳቁ። የእኔ እግር ግን ሸምሱን ናፍቆ ነበር።

ሸምሱ አናጺ ነው፤ በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤቴ ነበር። ለዓመታት ንጋት ላይ ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ በሬን ያንኳኳል፤ ከዚያ እስከ ሰቶ ሰመሮ እንሮጣለን። ሩጫ ማለት ያው ወሬ ነው። በኋላ ልጁ አጋሮ ሱቅ ከፈተና አባቱን ይዞ ሄደ። እኔ ቀረሁ፣ ቦርጭ መጣ። ቦርጭ መቼም ብቸኛ ሰው ይወዳል።

አንድ ጠዋት ናፍቆቱ ሲብስብኝ ቁርስም ሳልቀምስ እንደ ድሮው ልሮጥ ወጣሁ። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል። እኔን አህያ ቀደመችኝ። እልህ ይዞኝ በማግስቱም ደገምኩ። ባቴ ተሸማቅቆ መንገድ ዳር ተዘረርኩና በባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

ሀና የምትባል ተከራይ አለችኝ፤ ከጎጃም መጥታ ጤና የምትማር። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተቆጣችኝ።

«ጋሼ፣ ሰውነት ቶሎ የሚያነደው ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ነው። ስቡም ይነዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። እርስዎ ስንቁን ጨርሰው ሳይሞሉት እንደገና ይሮጣሉ። ጡንቻ ደግሞ የሚጠነክረው በልተው ሲያርፉ ነው።»

«ታዲያ ድሮ ለምን አልደከመኝም?»

«ድሮ እያወሩ ነበራ! እየሮጡ ማውራት ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው ማለት ነው።»

ምክሯን ሰማሁ። አንድ ቀን ቀስ ብዬ እሮጣለሁ፣ አንድ ቀን አርፋለሁ። የማወራው ሰው ስለሌለኝ ፍጥነቴን ለመለካት ብቻዬን አወራ ጀመር። ሰፈሩ አበደ አለኝ። ይበል፤ ትንፋሼ ግን ተመለሰ።

ከወራት በኋላ ሸምሱ ሊጠይቀኝ መጣ። «አካም ጅርታ አቦ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲለኝ እንባዬ ቀደመኝ። አድሮ ጠዋት አብረን ሮጥን። «ኧረ ቀስ በል! እኔ እኮ ሱቅ ወንበር ላይ ነው የከረምኩት» እያለ ያለከልካል። ያንን ማለክለክ እንኳ ስሰማው ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ሚኒባሱ ሲወጣ ዞር ብል ልይዝለት የተቀበልኩት የሩጫ ጫማው በፌስታል እጄ ላይ ቀርቷል። ሮጥኩ። ባጃጅ አለፍኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ፣ አደባባዩ ጋ ደርሼበት በመስኮት አቀበልኩት።

«ማሻአላህ! ጉልበትህ ተመልሷል!» አለኝ። መኪናው ወደ አጋሮ ታጠፈ።

እዚያው ቆሜ ሀናን በሆዴ ረገምኳት። ትንሽ ቢደክመኝ ኖሮ፣ ሰውዬው ጫማውን ሊወስድ ይመለስ ነበር።