ለሽማግልና የተመደበች አንድ ሰዓት

ጊዜ የሌለው ሰው ለማየት ከፈለጋችሁ ፒያሳ ማኪያቶ ቤት ግቡ። ባንኮኒውን ተደግፎ፣ ብርጭቆው ከቀዘቀዘ ቆይቶ፣ ጊዜ እንደሌለው ለጓደኛው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳ ታገኙታላችሁ። አትሳቁበት፤ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ። ድሮ “እንዴት ነህ?” ስንባል “እግዚአብሔር ይመስገን” እንል ነበር፤ አሁን “ሩጫ ነው” ብለን እናልፋለን። ወዴት እንደምንሮጥ የሚጠይቀን የለም፤ ቢጠይቀንም ቆመን የምንመልስ አይመስለኝም።

እኔ መላ አገኘሁ ብዬ ነበር። ደብተር ገዛሁና የሕይወቴን ጉዳዮች በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ሥራ አንደኛ፣ ቤተሰብ አንደኛ፣ ጤና አንደኛ። ሁለተኛ የሚሆን ጠፋ። እሁድን ደግሞ ሸነሸንኳት፦ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሽማግልና፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ ክርስትና፣ ከዚያ የእድር ስብሰባ።

ሽማግልናው የተሾመ ልጅ ጉዳይ ነው። ተሾመ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነው። ልጁ ናሆም ቤዛን ወዷል፣ እሷም ወዳዋለች፤ የቀረው የአባቷ ፈቃድ ብቻ ነበር። አባቷ አቶ ወልዴ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ የሰፉ፣ አንዲት ቁልፍ ለመትከል እንኳ የማይቸኩሉ አዛውንት ናቸው፤ ቤዛ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ሦስት ሆነን ሄድን። ሁለቱ ሽማግሎች በዕድሜ ቢበልጡኝም ንግግር ታውቃለህ ብለው ተናጋሪ ያደረጉት እኔን ነው።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ጉዳያችንን ቆመን ተናግረን፣ ተለምነን ከተቀመጥን በኋላ፣ መልሱ “እንመካከር፤ ተመለሱ” ነው። ሴት ልጅ በአንድ ጠዋት አትሰጥም፤ መመላለሱ ክብሯ ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን አቶ ወልዴ የናሆምን አያት ቅድመ አያት እየጠያየቁ አራት ሰዓት አለፈ፣ እኔም ወንበሬ ላይ መቁነጥነጥ ጀመርኩ። በሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ ሲሉን አፌ ቀደመኝ።

“ጋሼ፣ የሚቀጥለው እሁድ ስለማይመቸኝ ዛሬውኑ ብንጨርሰውስ?”

ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ ከጋቢያቸው ሥር ቆነጠጡኝ።

አቶ ወልዴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። “ልጄ፣” አሉኝ ቀስ ብለው፣ “የሽማግሌ ሥራ ጠይቆ መሄድ ብቻ አይደለም። ነገ ቢጣሉ የሚያስታርቀው እሱው ነው። ለመጠየቁ ጊዜ ያጣህ ለማስታረቁ ከየት ልታመጣ ነው?”

ቀጠሮው ቀረ። ናሆም ደውሎ ምን አሉ ሲለኝ መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁበት። የሁለት ወጣቶችን ትዳር በአንድ ሰዓት ስስት አሰናክዬ፣ ደግሞ ለቅሶውም አልደረስኩም። በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ አቶ ወልዴ ሱቅ ሄድኩ። በእጃቸው ወንበር አሳዩኝና ስፌታቸውን ቀጠሉ። ተቀመጥኩ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም ከሥራ ስወጣ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እግሬ አላርፍ እያለ፣ ስንት ጉዳይ እያመለጠኝ። ሁለት ሳምንት ከሞላኝ በኋላ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉና “እነዚያን ሰዎች ይዘሃቸው ና” አሉኝ። ቤዛ ተሰጠች፤ ሠርጉም ተደገሰ።

ባለፈው ወር ባልና ሚስቱ ተጣሉና ተጠራሁ። ምን በደለሽ ብላት ቤዛ እያለቀሰች፣ “ለእኔ ጊዜ የለውም” አለችኝ። ናሆም አንገቱን ደፋ። ሁለቱም ምክሬን ጠበቁ።

እኔ ግን ባለቤቴን እያሰብኩ ነበር። እሷም ይህንኑ ስትለኝ ዓመታት ሆኗታል። ለእኔ ብለው እሷን የጠየቁት ሽማግሎች ግን አንድ ሳይቀሩ አልፈዋል፤ ከእንግዲህ ለማን ትከስሰኝ? ናሆምን ሁለት ቃል ተናግሬው ተነሣሁ። ቤዛ ቡና ሳይጠጡ ብላ ለመነችኝ፤ አልሰማኋትም፣ ቸኩዬ ነበር፤ ወደ ቤቴ።