ካርታው ላይ የዳነው ፓምፕ

እናንተዬ፣ በአገራችን ሰውን «ወደድከው ወይ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አብሮ መስጠት ነው። ምሳ የጋበዛችሁ ሰው «ጨው በዝቶበት ይሆን?» ቢላችሁ፣ ምላሳችሁ እየተቃጠለ «ኧረ ልክ ነው!» ትላላችሁ እንጂ ሌላ ምን ትላላችሁ? ይሉኝታ ያዛችኋ! ወጥ ሲሆን ውሃ ጠጥቶ መገላገል ይቻላል። ነገሩ ውሃው ራሱ ሲሆን ነው ጉዱ።

ክልላችን ገና አዲስ ነበር። እኔ ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ስለጠፋ አንድ ቢሮ ተዋሰኝ። ከላይ የመጡ ባለሙያዎች የየመንደሩን የእጅ ፓምፕ በካርታ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠርተዋል። ቀይ ነጥብ ማለት የተበላሸ፣ አረንጓዴ ማለት የሚሠራ። አንዱን ነጥብ በማውስ ስትጫኑት ዝርዝሩ ይወጣል፤ መመረጡን ለማሳየትም ነጥቡ አረንጓዴ ይሆናል። አዎ፣ ያው አረንጓዴ! የእኔ ሥራ ለተጠቃሚው ይመች እንደሆነ ማስሞከር ነበር።

ከሆሞሻ በኩል ሼህ ኢድሪስ የሚባሉ የመንደር ሽማግሌ መጡ። የመንደራቸው ፓምፕ ከተበላሸ ከርሟል፤ ሴቶቹ የወንዝ ውሃ ይቀዳሉ፣ ሕፃናቱ በተቅማጥ ይሠቃያሉ። ማውሱን አስጨብጬ፣ የቀዩንና የአረንጓዴውን ትርጉም ነግሬ፣ መንደራቸውን አሳየኋቸው። ተጫኑት። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ተመቸዎት?»

«ወላሂ በጣም ቆንጆ ነው፣ ኡስታዝ» አሉኝ፤ እዚያ መምህርን እንዲህ ነው የሚጠሩት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ «ተጠቃሚው እጅግ ረክተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ባለሙያዎቹም አጨበጨቡልኝ።

ብዙም ሳይቆዩ ሼሁ ተመልሰው መጡ። ለካስ ያን ዕለት መንደር እንደገቡ «ፓምፓችን ተሠራ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው አብሥረው ኖሯል። ሴቶቹ ጄሪካን ደርድረው እጀታውን ሲወዘውዙ ቢውሉም ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ይህን ሲነግሩኝ፣ አሁንስ ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው እቴ! ሌላ ሰው እንዳይሰማብኝ ጠጋ ብለው፣

«ኡስታዝ፣ ጥፋት የኔ ነው» አሉኝ። «እጄ አርጅቷል፤ ያን ቀን ቀስ ብዬ ነካሁት። አሁን አንተ ጠንከር አድርገህ ጫነው።»

እንዲህ እያዩኝ ምን ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኛ።

ጫንኩት። አረንጓዴ ሆነ።