አዴር ዋርፋ ያልጠረጠሩት ሰው የለም

ድሬ ዳዋ መጥቶ ከዚራ ሰፈር ያለውን መናፈሻ የጎበኘ ሁሉ አገሩ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሐውልቱ አይደለም፤ ስለ አዴር ዋርፋ ነው። የአዲስ አበባውን ጠይቁት፣ የጅቡቲውን ጠይቁት። "ሐውልቱ ምን ይመስላል?" ስትሉት ራሱን ያካል፤ ከዚያ "አንድ ሽማግሌ ግን ነበሩ..." ብሎ ይጀምርላችኋል። እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ ለእኛ የደረሰን ግን ዋናው ነው።

"አዴር" በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ድሬ ውስጥ "አንቱ" ብርቅ ስለሆነ ፊት ለፊት ሁላችንም "አንተ" እንላቸዋለን። እዚህ ግን አንቱ ብያቸዋለሁ፤ ምናልባት አንድ ቀን ቢያነቡት ብዬ። አንቱ ማለቴ ራሱ ሳያስጠረጥረኝ አይቀርም።

ክቡርነታቸው ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ወንበር ስር ሲያጎነብሱ፣ የተኛ መንገደኛ ሲያዩ "እውነት ተኝቷል?" እያሉ ጆሮውን ሲነኩ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ባቡሩ ቀረ፣ ጥርጣሬው ቀጠለ። ማንም ሳይሾማቸው ከሐውልቱ ትይዩ፣ ኒም ዛፉ ስር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ራሳቸውን ሾሙ። ከቀትር በኋላ ከተማው በሙሉ በርጫ ላይ ሲቀመጥ እሳቸው ጫት አይቅሙም። "የቃመ ሰው ሁሉን ያምናል" ይላሉ።

የመናፈሻውን በር የረገጠ ሁሉ "ዋርያ! ና እስቲ!" ይባላል። ከየት መጣህ? ማን ላከህ? ይሄን ድንጋይ ምን ብለህ አየኸው? መልሱ ምንም ይሁን፣ ፍርዳቸው አንድ ነው፦ "አልተዋጠልኝም።" ፎቶ አንሺው ጭንቅላቱን ጥቁር ጨርቁ ውስጥ ሲከት "ንጹሕ ሰው ፊቱን ለምን ይደብቃል?" ብለው ጨርቁን ገለጡበት፤ ከሐረር ድረስ የመጣ ቤተሰብ ፎቶ ተበላሸ። ሐውልቱ ፊት ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮችን አይተው፣ ሙሽሪትን ለብቻዋ ጠርተው "ለመሆኑ ይሄን ሰውዬ በደንብ ታውቂዋለሽ?" አሏት። አንድ ግሪክ ደግሞ ሐውልቱን ወረቀት ላይ ሲስል ያዙትና፣ ልኩን ወስዶ በሌላ ሊለውጠው ነው ብለው ስንት ጠዋት ድንጋዩን በጣታቸው ሲያንኳኩ ከረሙ።

አቦ፣ የዳሃቦስ ነገር! ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ጨርቅ ጉምሩክን የሚያልፈው ሴቶች ሆድ ላይ ተጠምጥሞ መሆኑን ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። አዴር ደግሞ ይህንኑ ሲያድኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የጋሪ ነጂው ሚስት ዳሃቦ ሆዷ ገፍቶ ሐውልቱ ጥላ ስር አረፍ ስትል ጠጋ ብለው "ስንት ሜትር ነው?" አሏት። ጫማዋን አውልቃ እስከ በሩ አባረረቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አዴር ሊጠይቋት ሄደው ሕፃኑን ትክ ብለው አዩትና "እሱም አልተዋጠልኝም" ብለው ወጡ።

እንግዲህ የእኔን ጉድ ስሙ። እኔ ሊበን፣ የቢዮ አዋሌ መንደር ልጅ፣ ከመናፈሻው ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። ዑግባድ ደግሞ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱት የሐጂ ዱዓሌ ልጅ ናት። አርብ አርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ከአክስቷ ልጅ ከሃዎ ጋር ልትናፈስ ትመጣለች። እሷ ሐውልቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እኔ ፊቱ ቆሜ ጽሑፉን የማነብ መስዬ፣ አንገቴን ሳላዞር አወራታለሁ። ጽሑፉ አራት መስመር ነው። እኔ ሁለት ዓመት አነበብኩት። ይህን ሁሉ ጊዜ የአዴር ዋርፋ ዓይን ማጅራቴን ሲበሳው ይሰማኝ ነበር። እኔም እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ፤ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ያፈነዳዋል ብዬ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ዱዓሌ "ላጣራ" አሉ። "አንድ ነገር ግን ዕወቁ" አሏቸው ሽማግሌዎቹን፣ "ከኒካ በፊት ከልጄ ጋር ሲነጋገር የታየ እንደሆነ ደጄን እንዳትረግጡ።" እንቅልፍ አጣሁ። የሰፈር ሰው እንደሆነ ስለ አጪ ሲጠየቅ አመስጋኝ ነው፤ ሐጂ ግን ነጋዴ ናቸው፣ ምስጋና አያምኑም። እና ወዴት ቢሄዱ ጥሩ ነው? ማንንም አመስግነው ወደማያውቁት ሰው!

የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መናፈሻው ሲገቡ ከስፌት መኪናዬ ላይ አየኋቸው። መቀሴን ጥዬ በጓሮ ዞሬ ሐውልቱ ጀርባ ተወሸቅሁ። የሐውልት ጥቅም ያን ቀን ገባኝ።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ዋርፋ።"

"ወዓለይኩሙ ሰላም። ሐጂ፣ በዚህ ሰዓት ሱቅህን ዘግተህ? አልተዋጠልኝም።"

"ስለዚያ ልብስ ሰፊ ልጠይቅህ ነው። ልጄን ጠይቋል።"

"ሊበንን? ሌባ ነው።"

ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ ለጠፍኩ።

"ሌባ?" አሉ ሐጂ።

"ነው ብዬ ነበር። ተከተልኩት፤ ለእናቱ ስኳር ገዝቶ ገባ። ሴት አለችው ብዬ መጋላ ድረስ ተከተልኩት፤ መስጊድ ገባ። በጓሮ ይወጣል ብዬ ጓሮ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ፀሐይ አናቴን በላችኝ፣ እሱ ለካ በፊት በር ወጥቷል። ወላሂ እንደዚህ ልጅ ያናደደኝ የለም። ብፈልግ ብፈልግ ምንም አጣሁበት!"

ሐጂ ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

"ዑግባድ እዚህ ትመጣለች። ተነጋግረው ያውቃሉ? አንተ የማታየው የለም።"

አለቀልኝ አልኩ።

"ልጁ ሲመጣ የሚያየው ድንጋዩን ብቻ ነው" አሉ አዴር። "ጽሑፉን ያነባል። ማንበብ ይከብደዋል መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ነው።"

"በቃኝ" አሉ ሐጂ ተነስተው። "ሌላ ምስክር አልፈልግም።"

ኒካው በወሩ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ላመሰግናቸው ሄድኩ። አባቴ በሕይወት ቢኖር እንኳ ከዚህ በላይ ባላደረገልኝ፤ ይህንኑ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን አጥብበው "ምን አደረግሁልህ? ምን ፈልገህ ነው?" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ቀና ስል የእጅ ሰዓታቸው መኖሩን ሲያዩ ያዝኳቸው። እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን ሰዓታቸውን ባያዩ ኖሮ፣ አዴርን አሟቸዋል ብዬ ሐኪም ቤት ይዣቸው እሮጥ ነበር።